ለኮርሳ ብስክሌት ጎማና ቸርኬ እንዴት ይመረጣል? ከመንገዱ የሚነሳ ዝርዝር መመሪያ

ኮርሳ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጥቂት ገንዘብ ሲያጠራቅም አስቀድሞ የሚመኘው አዲስ ቸርኬ ነው፤ ጎማውን የሚያስበው ግን በመጨረሻ፣ በተረፈችው ገንዘብ ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ቆይቻለሁ። ይህ መመሪያ ያ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ከሚል ጽኑ እምነት የተነሳ የተጻፈ ነው። መጀመሪያ የሚነዱበትን መንገድ፣ ቀጥሎ ለመንገዱ የሚስማማውን ጎማ፣ ከዚያም ያንን ጎማ በሚገባ የሚይዘውን ቸርኬ መምረጥ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ከብስክሌቱ ሁሉ መሬት የሚነካው ጎማው ብቻ ነው፤ ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው የኋላ ጎማውን በ5 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ነፍቶ ሲቀመጥበት አስፋልቱን የሚነካው የጎማው ክፍል ከክብሪት ቀፎ ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። መታጠፉም፣ መቆሙም፣ መመቸቱም የሚወሰነው በዚያች ቦታ ላይ ነው።

ለአነጋገር እንዲመቸን፣ «ቸርኬ» ስል ሞዞውን (ሽቦዎቹ የሚነሱበትን የመሐል ክፍል)፣ ሽቦዎቹንና ዙሪያውን የያዘውን ቀለበት በአንድነት ማለቴ ነው፤ ዙሪያውን ብቻ ሳነሳ «ቀለበት» እላለሁ። ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ የሚቀረቀረውን የጎማ ጠርዝ ደግሞ «የጎማው ከንፈር» እለዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ብስክሌትዎ ምን እንደሚቀበል ይለኩ

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት አሁን የተገጠመውን ጎማ ጎን ያንብቡ። «25-622» ወይም «28-622» የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎማው ከንፈር የሚቀመጥበት የቀለበቱ ዲያሜትር ነው። ዛሬ የሚሠሩ ኮርሳ ብስክሌቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም 622 ናቸው፤ በገበያ ላይ «700» እየተባለ የሚጠራውም ይኸው ነው። ያረጀ ብስክሌት ያለው ሰው ግን መጠንቀቅ ይገባዋል። «27 ኢንች» የሚል ጽሑፍ ያለበት አሮጌ ጎማ ልኩ 630 ነው፤ ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይለይም፤ ሆኖም አንዱ በሌላው ቀለበት ላይ በፍጹም አይገጥምም። በሳልባጅ የገባ ብስክሌት ገዝተው «700» ጎማ ይዘው ጎሚስታ ቤት ሲታገሉ የዋሉ ሰዎችን አይቻለሁ፤ የችግሩ ምንጭ ይህች ቁጥር ነበረች።

ቀጥሎ የፍሬኑን ዓይነት ይለዩ። ቀለበቱን ከሁለት ወገን በላስቲክ ጨብጦ የሚያቆም ፍሬን ያለው ብስክሌት ጎኑ ለፍሬን የተስተካከለ ቀለበት ይፈልጋል፤ ዲስክ ፍሬን ያለው ደግሞ ዲስኩ የሚታሰርበት ሞዞ ይፈልጋል። የዲስኩም አስተሳሰር ሁለት ዓይነት ነው፤ በስድስት ብሎን የሚታሰርና መሐል ላይ በአንድ ቀለበት የሚጠብቅ። ከዚያ ሞዞው የሚገባበትን ቦታ ስፋት በሜትር ይለኩ። ቀለበት የሚጨብጥ ፍሬን ባላቸው ብስክሌቶች ላይ ፊት ለፊት 100፣ ከኋላ 130 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው፤ በጣም ያረጁት ከኋላ 126 ናቸው። ዲስክ ያላቸው አዳዲሶቹ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፐርኖ (ቸርኬው የሚዞርበት ዘንግ) ይጠቀማሉ፤ ስፋታቸውም ከፊት 100፣ ከኋላ 142 ነው። የመጀመሪያዎቹ ዲስክ ብስክሌቶች 135 የሆኑበት ጊዜም ስለነበረ በግምት አይግዙ። የኋላው ሞዞ የእርስዎን ማርሽ ጥርሶች የሚቀበል መሆኑም መረጋገጥ አለበት፤ ባለ 11 ማርሽ ካሴት (የኋላ ማርሾቹ ጥቅል) ለባለ 10 በተሠራ የመንገድ ሞዞ ላይ በአብዛኛው አይገባም፤ ባለ 10ሩ ግን ስስ ማስገቢያ ቀለበት ተጨምሮለት በባለ 11ዱ ላይ ይሠራል።

የመጨረሻው ልኬት ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ፍሬሙ ምን ያህል ስፋት ያለው ጎማ ያሳልፋል? ባለ 4 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ይያዙና ተነፍቶ በተገጠመው ጎማና በፍሬሙ መካከል ያስገቡት። በሁለቱም ጎን፣ ከላይ በፍሬኑ ሥር፣ ከኋላም በመቀመጫው ምሰሶ አጠገብ ሳይነካ ካለፈ፣ ያ ጎማ ቦታ አለው። ቁልፉ በሰፊው የሚያልፍ ከሆነ ሰፋ ያለ ጎማ መሞከር ይችላሉ፤ ካላለፈ ግን አሁን ያለው ራሱ ሰፊ ነው ማለት ነው። ይህ ክፍተት የሚያስፈልገው ለጭቃና ለጠጠር ብቻ አይደለም፤ አንድ ሽቦ ቢበጠስ ቀለበቱ ይወላገዳል፤ ክፍተት ከሌለ ጎማው ፍሬሙን ይፈገፍጋል፤ ቁልቁለት ላይ ከሆነም ሊቆልፍ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የጎማውን ስፋት በመንገዱ ይወስኑ

ከሃያ ዓመት በፊት የውድድር ብስክሌተኛ ሁሉ 23 ሚሊ ሜትር ጎማ እስከ 8 ባር ድረስ አጠንክሮ ነፍቶ ይነዳ ነበር፤ ጠንካራና ቀጭን ጎማ ፈጣን ነው የሚል እምነት ስለነበረ ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በሆነበት ጊዜ የተወዳዳሪዎቹ የተለመደ ልክ 25 ደርሶ ነበር። ዛሬ ባለሙያዎቹ በለስላሳ አስፋልት ላይ 28 እና 30፣ በፓሪስ–ሩቤ ውድድር የድንጋይ ንጣፍ ላይ ደግሞ 32 እና ከዚያም በላይ ይጠቀማሉ። ለውጡ የፋሽን ጉዳይ አይደለም። ጎማ ሻካራ መንገድ ላይ ሲሄድ በጣም ከጠነከረ እያንዳንዱን ጉብታ ሳይውጠው ብስክሌቱንም ነጂውንም ወደ ላይ ያነሳል፤ በዚያ መነሳትና መውደቅ ውስጥ የሚባክነው ጉልበት ከእግር የወጣ ጉልበት ነው። ሰፊ ጎማ በአነስተኛ ግፊት ሲነፋ ጉብታውን ራሱ ተለጥጦ ይውጠዋል፤ ነጂው ወደ ፊት ይሄዳል።

ይህ ነገር የገባኝ በንባብ አልነበረም። አንድ ማለዳ ከእንጦጦ ማዶ ወደ ሱሉልታ ስወርድ፣ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ የኋላ ጎማዬ ገባ። ጎማው 23 ነበር፣ ግፊቱም 7 ባር። ቆሜ ካላማዳሪውን ሳወጣው ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩበት፤ ምንም እሾህ፣ ምንም ሽቦ አልነበረም። ቀለበቱ ራሱ ካላማዳሪውን ከጉድጓዱ ጠርዝ ጋር ነክሶ በስቶታል፤ ቀለበቱም ጣት የሚያስገባ ያህል ጎድጉዶ ነበር። ያን ዕለት የጠፋው ጎማ ብቻ ሳይሆን ቸርኬም ነው። ግፊቱን ይበልጥ መጨመር የዚህ መፍትሔ መስሎኝ የነበረውን ያህል፣ እውነተኛው መፍትሔ በጎማው ውስጥ የሚኖረውን የአየር መጠን መጨመር፣ ማለትም ሰፋ ያለ ጎማ ነው።

ስለዚህ በአገራችን ለሚነዳ ሰው ምክሬ ግልጽ ነው፤ ፍሬሙ ከፈቀደ 28 መነሻ ይሁን። በከተማ ውስጥ ኮብልስቶን የሚያቋርጥ፣ ወይም አስፋልቱ ተቆራርጦ ጠጠር የሚጀምርበት መንገድ የሚያዘወትር ሰው 32 ቢያደርግ ፍጥነት አያጣም። ፍሬሙ ከ25 በላይ የማይቀበል ከሆነ 25ን በጥሩ ጥራት ይግዙ። 23 እንዲገዛ ዛሬ ማንንም አልመክርም።

በጎማው ጎን የተጻፈው ስፋት በሁሉም ቀለበት ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንደማይገኝም ልብ ይበሉ። የቀለበቱ ውስጠኛ ስፋት በ2 ሚሊ ሜትር በጨመረ ቁጥር ጎማው በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በጠባብ ቀለበት ላይ 28 የሆነ ጎማ በሰፊ ቀለበት ላይ 30 ሊሆን ይችላል፤ ያቺ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት የምትታሰበው ይህን ጨምሮ ነው።

ደረጃ 3፦ የጎማውን ጥራት መለየት

ጎማ በእጅ ይመረመራል። አጥፈው ሲጭኑት በቀላሉ የሚታጠፍና ጎኑ እንደ ጨርቅ የሚለሰልስ ጎማ መንገድ ላይም ይለሰልሳል፤ እንደ ካርቶን የሚያንገራግር ጎማ እየነዱት ጉልበት ይበላል። በመለያው ላይ የሚጻፈው የክር ብዛት (60፣ 120 ወዘተ.) ይህንኑ ያመለክታል፤ ክሩ በበዛ ቁጥር ጨርቁ ይሳሳል፣ ይለሰልሳል፣ ግን ጎኑ በቀላሉ ይቆረጣል። ከላስቲኩ ሥር መበሳትን የሚከላከል ንጣፍ መኖሩን ያረጋግጡ። በአስፋልታችን ዳር የተሰባበረ ጠርሙስ አለ፤ ከፈነዱ የጭነት መኪና ጎማዎች የሚወጡ እንደ መርፌ የቀጠኑ የብረት ክሮችም አሉ፤ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወርዱ ደግሞ የግራር እሾህ ይጨመራል። ለውድድር ብቻ ተብሎ የተሠራ ስስ ጎማ እዚህ ዕድሜው አጭር ነው።

የጎማው ገጽ ቅርጽ ግን ብዙ አያሳስብዎ። የመኪና ጎማ ጥርስ የሚያስፈልገው ሰፊና ፈጣን ስለሆነ ውኃ ላይ እንዳይንሳፈፍ ነው፤ የብስክሌት ጎማ ጠባብና ክብ በመሆኑ በተለመደ ፍጥነት ውኃውን ራሱ ይሰነጥቀዋል። እርጥብ አስፋልት ላይ የሚይዘው የላስቲኩ ልስላሴና የግፊቱ ልክ እንጂ የተቀረጸው መስመር አይደለም። አሮጌ ጎማ ሲገዙ ላስቲኩን ጎንበስ ብለው ይዩት፤ የጸጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች ከታዩበት ላስቲኩ ደርቋል፤ ርካሽ ቢሆንም አይግዙት።

ደረጃ 4፦ ካላማዳሪ ወይስ ቱብለስ?

ቱብለስ ጎማ ካላማዳሪ የለውም፤ ውስጡ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ትንሽ እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ወጥቶ ይደፍነዋል፤ ነጂው ሳያውቀውም ሊያልፍ ይችላል። ቀለበቱ ካላማዳሪውን ነክሶ የሚበሳው አደጋም የለም፤ ስለዚህ ግፊቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ፈሳሹ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃል፣ በሙቀት ደግሞ ቶሎ፤ በየጊዜው መጨመር አለበት። ስለሆነም ጥያቄው «የቱ ይሻላል?» ሳይሆን «ፈሳሹን ሳይቋረጥ አገኛለሁ ወይ?» ነው። በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የሚኖር ብስክሌተኛ በየሱቁ ያገኘዋል፤ እዚህ ግን ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ብቻ የሚያገኝ ሰው ጥሩ 28 ጎማ ከካላማዳሪ ጋር ቢገጥም ይሻለዋል። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪና መጣፊያ የያዘ ሰው ከየትም ቦታ ቤቱ ይገባል።

የካላማዳሪው ቫልቭ ከቀለበቱ ጥልቀት በላይ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር መውጣት አለበት። ኮርሳ ቸርኬዎች የሚጠቀሙት ቀጭኑን ቫልቭ ነው፤ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ግን የሚገጥመው በመኪናው ዓይነት ቫልቭ ላይ ነው። ስለዚህ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ የሚያሸጋግረውን ትንሽ የናስ ቁራጭ ሁልጊዜ በመሣሪያ ቦርሳዎ ይያዙ። በዚያ ሲያስነፉ ኮምፕሬሰሩ በአንድ ጊዜ ብዙ አየር እንዳይለቅ ባለሙያውን ያስጠንቅቁ፤ የብስክሌት ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ይሞላል።

በእጅ ፖምፕ የሚነፋ ደጋማ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፤ በአንድ ምት የሚገባውም አየር እንዲሁ። ባሕር ዳርቻ ላይ በ150 ምት የሚሞላ ጎማ እዚህ ወደ 200 ምት ይፈልጋል። ፖምፑ የተበላሸ መስሏቸው የሚጥሉት ስላሉ ነው ይህን ያነሳሁት።

ደረጃ 5፦ ለጎማው የሚስማማውን ቸርኬ መምረጥ

አሁን ወደ ቸርኬው ደረስን። የመጀመሪያው መመዘኛ የቀለበቱ ውስጠኛ ስፋት ነው። ለ25 እና ለ28 ጎማ ከ17 እስከ 19 ሚሊ ሜትር፣ ለ28 እስከ 32 ደግሞ ከ19 እስከ 21 የሆነ ቀለበት ይስማማል። 23 እና 25 ሚሊ ሜትር የሆኑት በጣም ሰፊ ቀለበቶች ለ30ና ከዚያ በላይ ለሆነ ጎማ የታሰቡ ናቸው። ከእነዚህ ሰፊዎቹ ብዙዎቹ የጎማውን ከንፈር የሚይዝ መንጠቆ በውስጣቸው የላቸውም። መንጠቆ አልባ ቀለበት የገዛ ሰው ለቱብለስ የተሠራ ጎማ ብቻ፣ ያውም አምራቹ ለዚህ ቀለበት የፈቀደውን መጠቀምና ግፊቱን ከ5 ባር በላይ አለማድረግ ግዴታው ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጎማው እየሄደ ሊወልቅ ይችላል። ፖምፕ የሚዋስ፣ ግፊት የሚያሳይ መለኪያ የሌለው፣ የተገኘውን ጎማ የሚያስር ሰው መንጠቆ ያለውን ይምረጥ።

ስለ ክብደት ብዙ ይወራል። 300 ግራም ቀላል የሆነ ቸርኬ ዋጋው ብዙ ጊዜ በእጥፍ ይጨምራል። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 83 ኪሎ ቢሆኑ 300 ግራም ከመቶ 0.4 እንኳ አይሞላም፤ አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ የሚያተርፈው ጊዜ 13 ሰከንድ ገደማ ነው። ለሚወዳደር ሰው 13 ሰከንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ለቀረነው ግን ያ ገንዘብ በጥሩ ጎማ ላይ ቢውል በየኪሎ ሜትሩ ይሰማናል።

ጥልቅ ቀለበት አየር ይሰነጥቃል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ቁጥር በአብዛኛው በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት፣ በባሕር ወለል የአየር ጥግግት የተሰላ ነው። በደጋችን አየሩ በሩብ ያህል ስስ ስለሆነ ጥቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በሰዓት 28 የሚነዳ ሰው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ያገኛል። በአንጻሩ ጥልቅ ቀለበት የጎን ነፋስ ይገፋዋል፤ ከባድ መኪና በአጠገብ ሲያልፍ መሪውን የሚጎትተው እርሱ ነው። ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ለሁሉ የሚሆን ልክ ነው፤ አልሙኒየም ከሆነ ከዚያም ያነሰ ይበቃል።

ስሱ አየር ሌላም ውጤት አለው፤ ቁልቁለት ላይ የሚያዘገየን አየር ስለሚያንስ ብስክሌቱ ይፈጥናል፣ ፍሬኑም የበለጠ ይሠራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ወደ ታች በቀረቡ ቁጥርም በረሃው ይግላል። ቀለበት በሚጨብጥ ፍሬን እንዲህ ያለ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው የካርቦን ቀለበት አይግዛ። አልሙኒየም ሙቀቱን ቶሎ ይበትናል፤ ካርቦን ግን ይይዘዋል፤ በጣም ሲግል ማያያዣው ሙጫ ይለሰልሳል፣ ካላማዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። በዚህ ዓይነት ፍሬን ላይ ላቴክስ የሚባለውንና ስሱን የፕላስቲክ ካላማዳሪ መተውም ተገቢ ነው። ዲስክ ፍሬን ላለው ሰው ይህ ስጋት የለም።

ስለ ሽቦ ብዛት፣ ከ75 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው 24 ወይም 28፣ ከዚያ በላይ ለሆነና ዕቃ ለሚጭን 32 ሽቦ ያለው የኋላ ቸርኬ እመክራለሁ። ጫፉ የታጠፈው ተራ ሽቦ ከቀጥታው ይመረጣል፤ ቢበጠስ ምትኩ በቀላሉ ይገኛልና። ሞዞው በተለመደ ኩሽኔታ የሚሠራ ከሆነ ቁጥሩን አንብበው ከኩሽኔታ ሻጮች ማግኘት ይችላሉ።

ደረጃ 6፦ ያገለገለ ቸርኬ ሲገዙ

ቸርኬውን በፐርኖው ይዘው ያሽከርክሩትና አንድ ጣት ከቀለበቱ አጠገብ ያቁሙ። በጣትዎና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ ቀለበቱ ተወላግዷል። ትንሽ መወላገድ ሽቦ በማጥበቅ ይቃናል። ነገር ግን ከማመንዎ በፊት ሽቦዎቹን እንደ ክራር ክር አንድ በአንድ ይምቷቸው። በአንድ ወገን ያሉት ሽቦዎች ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። አንዱ ቀጭን፣ ጎረቤቱ ወፍራም ድምፅ ከሰጡ፣ ቀለበቱ ራሱ ታጥፎ በሽቦ ጉልበት ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እንዲህ ያለ ቸርኬ ሽቦ እየበጠሰ ያስቸግራል። የኋላው ቸርኬ የማርሽ ወገንና የግራ ወገን ድምፃቸው ቢለያይ ግን አይደንግጡ፤ የማርሹ ወገን ይበልጥ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው።

ፍሬን የሚጨብጠውን የቀለበቱን ጎን በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ የብረት ማስመሪያ ጠርዝም ያስደግፉበት። ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ብረቱ ተበልቷል፤ አንድ ቀን በሙሉ ግፊት ላይ ሳለ ሊቀደድ ይችላል። ብዙ ቀለበቶች የመበላት ምልክት የሆነች ትንሽ ጉድጓድ ወይም መስመር አላቸው፤ ምልክቷ ከጠፋች ቀለበቱ ጊዜውን ጨርሷል። በሽቦዎቹ መግቢያ ቀዳዳዎች ዙሪያ ስንጥቅ ካዩ ውይይቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ደረጃ 7፦ መግጠምና ግፊቱን ማስተካከል

በቀለበቱ ውስጥ የሽቦ ቀዳዳዎቹን የሚሸፍነው ጥብጣብ ሳይላላና ሳይሸሽ መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ የጎማውን አንድ ከንፈር ያስገቡ። ካላማዳሪውን ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ጥቂት ነፍተው ያስቀምጡት። ሁለተኛውን ከንፈር ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምረው በአውራ ጣቶችዎ እየገፉ ወደ ቫልቩ ይምጡ፤ መጨረሻው ሲጠብቅ መፈልቀቂያ ከመያዝዎ በፊት ያለፉበትን ከንፈር በሙሉ ወደ ቀለበቱ መሐል ጎድጓዳ ክፍል ይግፉት። በዚያ ትንሽ ልቀት ይገኛል፤ አብዛኛው ጎማም ያለ ብረት ይገባል። ከመንፋትዎ በፊት ዙሪያውን በሁለት ጣት እየገፉ ካላማዳሪው በከንፈሩ ሥር አለመነከሱን ይመልከቱ።

ሰባ ኪሎ ለሆነ ሰው፣ በካላማዳሪ፣ በመካከለኛ አስፋልት ላይ መነሻ የሚሆነው ግፊት ለ25 ጎማ ከፊት 5.5፣ ከኋላ 6 ባር፤ ለ28 ከፊት 4.6፣ ከኋላ 5፤ ለ32 ከፊት 3.7፣ ከኋላ 4 ነው። ክብደትዎ በ5 ኪሎ በጨመረ ወይም በቀነሰ ቁጥር 0.2 ባር ያህል ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። መለኪያው በፒኤስአይ የሚያነብ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ከዚያ በየቀኑ በሚነዱበት፣ ጉብታዎቹን በሚያውቁት አንድ መንገድ ላይ በ0.3 ባር እየቀነሱ ይሞክሩት፤ እጅዎ መንዘር ሲያቆም፣ ግን ቀለበቱ ጉድጓድ ላይ መሬት ሲነካ ሳይሰሙ የሚደርሱበት ቦታ የእርስዎ ልክ ነው። ያንን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ፖምፑ ላይ ይለጥፉት።

አዲስ የተሠራ ቸርኬ ከመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ሽቦዎቹ ቦታቸውን ስለሚይዙ ይላላሉ። በዚያን ጊዜ እንደገና አሽከርክረው፣ ድምፃቸውንም ሰምተው የላሉትን ያስጠብቁ።